መውጣቱንስ ወጣን

ፍሬኑን ረገጥኩት። መኪናው አልቆመም።

እስካሁን የሚገርመኝ ፀጥታው ነው። አደጋ ሲባል ለሰው የሚታየው ጎማ ሲንጫጫ፣ መስታወት ሲረግፍ ነው። እዚያ ምንም አልነበረም። ከእግሬ ሥር ኤቢኤሱ ብቻ፣ ጎማው እንዳይቆለፍ ፍሬኑን ያዝ ለቀቅ የሚያደርገው፣ ግር፣ ግር፣ ግር ይላል። ፔዳሉ የጫማዬን ሶል ይደበድባል። መኪናው ሳሙና እንደነካው ሰሃን ወደ ኩርባው ይንሸራተታል። መሪውን አዞርኩ። መሪው ዞረ፤ መኪናው አልዞረም። ፍጥነታችን ሰው ሶምሶማ ቢሮጥ የሚደርስበት ነበር። ለመፍራት በቂ ጊዜ ነበረኝ፤ እንዲያውም ተርፎኛል።

ያስቆመን የበረዶ ቁልል ነው። መንገድ ጠራጊው መኪና ሌሊት እየገፋ ጥግ ላይ የከመረው። አፍንጫችንን እስከ መብራቱ ድረስ ዋጠው። ድብ የሚል ድምፅ፣ አለቀ። ከኋላ ያሉት ልጆች ሳቁ። ባለቤቴ አልሳቀችም። አጠገቤ ጋቢና የተቀመጡት አጎቷ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ቀበቷቸውን በእርጋታ ፈቱ። በመስታወቱ ወደ ኋላ፣ ወደ ወረድንበት ዳገት አዩ።

«መውጣቱንስ ወጣን» አሉ።

ጋሼ አብዛኛውን ዕድሜያቸውን ከባድ መኪና የነዱ ሰው ናቸው። ብዙ አይናገሩም። የሚናገሩትን ግን ቶሎ አትረሱትም።

ያለነው ኦስትሪያ፣ ቲሮል ውስጥ ነው። ኩታይ የምትባል የስኪ መንደር አለች፤ ከባሕር ወለል 2020 ሜትር ከፍ ብላ። ከእሷ ወደ ምዕራብ ወደ ኦትስ ስትወርዱ፣ ሃያ ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ወደ 1200 ሜትር ገደማ ቁልቁል ትወርዳላችሁ። ካርታ ላይ ሲታይ የተጣለ ክር ይመስላል። ኩርባ በኩርባ ነው።

የዚያ ጠዋት ጥፋት የተጀመረው ግን ቀደም ብሎ፣ ማታ ስንወጣ ነው። እየመሸ፣ በረዶ እየጣለ ነበር። ከታች አንዲት ትንሽ መኪና፣ የፊት ጎማዋ ብቻ የሚነዳ፣ ዳገቱ ላይ ጎማዋን እያሽከረከረች ቀርታለች። ሁለት ሰዎች መሬት ላይ ተንበርክከው፣ በረዶው ላይ እንዳያንሸራትት፣ ጎማዋ ላይ ሰንሰለት ያስራሉ። እኛ በጎናቸው ሽው ብለን አለፍን። የእኔ መኪና አራቱም ጎማ ይነዳል፤ ገና ስገዛው «ይሄ ካለህ በረዶን እርሳው» የተባልኩበት ነው። እኔም ረስቼው ነበር። ጋሼን ዞር ብዬ «አዩ? አራቱም ሲነዳ እንዲህ ነው» አልኳቸው። እሳቸው በጎን መስታወት ተንበርካኪዎቹን እያዩ ነበር። ምንም አላሉኝም።

ሰንሰለት አልነበረህም ወይ ትሉኝ ይሆናል። ነበረኝ። ከተገዛ ሦስተኛ ክረምቱን ይዟል፤ ከሳጥኑ አልወጣም። የኋላ ኮፈኑ ውስጥ፣ ከሁሉም ሻንጣ ሥር ተኝቷል።

ከዚያ ጉዞ በኋላ ቁጭ ብዬ አንድ ሂሳብ ሠራሁ። ቀላል ሂሳብ ነው። እኔን ግን እንቅልፍ ነስቶኛል።

ጎማ መንገዱን የሚጨብጥበት ኃይል፣ ጎማው ላይ ካረፈው ክብደት አንጻር፣ በቁጥር ይገለጻል። ደረቅ አስፋልት ላይ 0.8 አካባቢ ነው። በመኪና የተረገጠ፣ የጠነከረ በረዶ ላይ 0.2 ገደማ ይወርዳል። መስታወት የመሰለ ግግር ላይ 0.1 ወይም ከዚያ በታች ነው። አሁን ቁልቁለቱን አምጡ። የመንገድ ምልክት ላይ 15 በመቶ የሚል ካያችሁ፣ አግድም 100 ሜትር ስትሄዱ 15 ሜትር ትወጣላችሁ ወይም ትወርዳላችሁ ማለት ነው፤ በዚያው ቁጥር ሲጻፍ 0.15።

አራቱም ጎማ የሚነዳ መኪና የመኪናውን ሙሉ ክብደት ለመውጣት ይጠቀምበታል። ስለዚህ 0.2 ላይ እስከ 20 በመቶ የሚደርስ ዳገት ሊወጣ ይችላል፤ 15ቱን በቀላሉ ይወጣዋል። የፊት ጎማው ብቻ የሚነዳ መኪና ግን ፊቱ ላይ ያረፈው ክብደት ብቻ ነው የሚሠራለት። ከመላ ክብደቱ ስልሳ በመቶው ፊት ላይ ነው ብንል፣ 12 በመቶ ላይ ሳይደርስ ያቅተዋል። ዳገት ላይ ደግሞ ክብደቱ ወደ ኋላ ስለሚሸሽ ከዚያም ቀድሞ ይቆማል። ማታ ያየናት ትንሿ መኪና የቆመችው ለዚህ ነው። እስከዚህ የእኔ ትዕቢት ልክ ነበር።

አሁን ውረዱ። ፍሬን ሲያዝ ሁሉም መኪና እኩል ነው፤ ሁሉም አራት ጎማ ላይ ፍሬን አለው። አራቱን ጎማ የሚነዳው ሲስተም ለፍሬኑ የሚጨምርለት ነገር የለም። ሜዳ ላይ፣ በረዶው 0.2 ከሆነ፣ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ስትሄዱ ፍሬን ብትይዙ 18 ሜትር ገደማ ሄዳችሁ ትቆማላችሁ። ደረቅ አስፋልት ላይ አምስት ሜትር አይሞላም። በ15 በመቶ ቁልቁለት ግን ከ0.2 ላይ 0.15ቱን ቁልቁለቱ ይበላዋል። ለፍሬን የሚተርፈው 0.05 ነው። 70 ሜትር ትሄዳላችሁ። 70 ሜትር! በዚያ መንገድ ላይ በሁለት ኩርባ መካከል 70 ሜትር ቀጥ ያለ ቦታ ማግኘት ዕድል ነው። በረዶው ጠዋት ጠዋት እንደሚያደርገው ወደ ግግር ከተጠጋና ቁጥሩ 0.15 ላይ ከወረደ ደግሞ ሂሳቡ ዜሮ ይሆናል። ዜሮ ማለት ፍሬን ይዛችሁ፣ አራቱም ጎማ በፍሬን ተይዞ፣ መኪናው ሳይቆም ይወርዳል ማለት ነው።

ትንሿ መኪና እምቢ ያለችው ከታች ነው። እዚያ እምቢ ብትል ጉዳት የለውም፤ ወርዶ ሰንሰለት ማሰር ነው። የእኔ መኪና እሺ እሺ እያለ ወስዶ እምቢ ያለኝ ከላይ ነው። ሰንሰለቱን ለመውጣት እንጂ ለመውረድ የሚያስፈልግ ነገር አድርጌ አስቤው አላውቅም ነበር።

(እግረ መንገዴን፣ እኛ «በረዶ» የምንለው ቃል ትንሽ ያስቸግራል። ከሰማይ ጣራ ሲደበድብም በረዶ፣ ፍሪጅ ውስጥም በረዶ፣ ተራራ ላይ እንደ ጥጥ ሲወርድም በረዶ። ልጆቹ በረዶ ላይ ልንጫወት ነው ሲሉ የሚያስቡት ጥጡን ነው። እኔ ጠዋት የነዳሁበት ደግሞ የፍሪጁን ነው። ማታ ያው ጥጥ ነበር፤ ሌሊቱን በጎማ ተረግጦ፣ ቀዝቅዞ፣ አንፀባራቂ ሆኖ አደረ። ተመሳሳይ መንገድ ነው ብዬ መውረዴ አንዱ ሞኝነቴ ነበር።)

ወደ ቁልሉ ልመለስ። አራቱን ፍሬቻ አበራሁ። አንፀባራቂ ሰደርያ ለበስኩ፤ ሦስት ማዕዘኑን ምልክት ባለቤቴ ከኩርባው በላይ ወስዳ አቆመች። ሻንጣ በሻንጣ ላይ በረዶው ላይ ተራገፈ። ከሥር ሳጥኑ ወጣ። ላስቲኩ እንኳ አልተቀደደም።

ፊቱ ተቀብሯል። ኋላው ነፃ ነው። እኔም ያሰብኩት ማንም ሰነፍ የሚያስበውን ነው፤ አራቱም ይነዳሉ አይደል? የትኛውም ላይ ባስረው ምን ለውጥ አለው? የኋላ ቀኝ ጎማ ሥር ተንበረከክሁና ጀመርኩ። ጋሼ ከላዬ ቆመው ለተወሰነ ጊዜ አዩኝ።

«መጽሐፉ ምን ይላል?» አሉ።

«የቱ መጽሐፍ ጋሼ?»

«የመኪናው ነዋ።»

«አራቱም እኮ ይነዳሉ፤ ችግር የለውም።»

«አንተ ልጅ፣ መጽሐፉን አምጣ።»

አመጣሁ። ገጹን ለማግኘት ጣቴ አልታዘዝ ብሎኝ ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ናት። በዚህ መኪና ሰንሰለት የሚታሰረው የፊት ጎማ ላይ ብቻ ነው ትላለች። አራቱንም የሚነዳውን ሞዴል ጨምሮ። የኋላውን ፈታሁ።

ይሄ ነገር ከመኪና መኪና ይለያያል። ብዙዎቹ ዛሬ መንገድ ላይ የምናያቸው ባለ አራት ጎማ ነጂዎች እንደ ድሮው ላንድክሩዘር አይደሉም። በመሠረቱ የፊት ጎማ ነጂ ናቸው። ፊቱ ሲንሸራተት ብቻ አንድ በኮምፒውተር የሚታዘዝ ፍሪሲዮን ኃይሉን ወደ ኋላ ይልካል። እነዚህ አብዛኛውን ጊዜ ሰንሰለት የሚፈልጉት ፊት ላይ ነው፤ የፎልክስቫገን ፎርሞሽንና የኦዲ ኳትሮ መመሪያዎች በብዛት እንዲህ ይላሉ። ከኋላ ጎማ ነጂ የመጡት፣ ለምሳሌ የቢኤምደብሊው ኤክስድራይቭ፣ ኋላ ላይ እሰር ይላሉ። ሰንሰለት ጨርሶ የማይፈቅዱም አሉ፤ በተለይ ትልልቅ ቸርኬና ሰፊ ጎማ ከተገጠመላቸው። ስለዚህ ጎረቤት ወይም ኢንተርኔት አይጠየቅም። ያው የጋሼ መጽሐፍ ነው።

ለምን ይሄን ያህል ይጨነቃሉ? በጎማውና በሞርዛቶሪው መካከል ያለው ክፍተት ስለሚያንስ ነው። አንድ ቀን እጃችሁን ከጎማው ጀርባ ከትታችሁ ዳስሱት። ጣት በግድ ያልፋል። እዚያ አካባቢ የፍሬን ዘይት የሚሄድበት ጎማ ቱቦ አለ፤ የኤቢኤሱ ሴንሰር ሽቦ አለ። ለተራ አውቶሞቢል የሚሸጡት ሰንሰለቶች ብዙዎቹ 9 ሚሊ ሜትር ናቸው። ቦታ ለጠበባቸው 7 ሚሊ ሜትር አለ። ለትልልቆቹ ጂፖች 12ና 16 ይሸጣል። ወፍራሙ ጠንካራ ነው ብሎ የገዛ ሰው የራሱን የፍሬን ቱቦ ሊበጥስ ይችላል። ጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን ልክ፣ 225/55 አር 17 እንደሚለው ያለውን፣ አንድም ቁጥር ሳይሳሳት ከሳጥኑ ጋር ማመሳከር ነው። እኔ ይሄን ያህል በትክክል ገዝቼ ነበር። ለራሴ የምሰጠው ምስጋና ይሄ ብቻ ነው።

የፊት ጎማዎቹን በመስታወት መፋቂያና በሳጥኑ ክዳን ቆፍረን አወጣናቸው። አንድ ጥሩ ነገር፣ ቁልሉ መኪናውን ደግፎ ስለያዘው ወደ ታች አይሄድብንም። ጋሼ ከመኪናው ውስጥ የእግር ምንጣፍ አውጥተው በረዶው ላይ አነጠፉና በጎናቸው ተኙ። በዚያ ዕድሜ። ተው ብላቸውም የሚሰሙ አልነበሩም።

ሰንሰለቱ ሲወጣ የዓሣ መረብ ይመስላል። የተወሳሰበ፣ ቀዝቃዛ፣ ዘይት የሸተተ። አሠራሩ ሲገባችሁ ግን ብልህ ነገር ነው። አንድ ሽቦ ገመድ አለው፤ ክፍት ቀለበት ነው። እሱን ከጎማው ጀርባ መሬት ለመሬት አሳልፋችሁ ሁለቱን ጫፍ ከላይ ታገናኛላችሁ። ጫፎቹ ቀለም አላቸው፤ ቢጫ ከቢጫ። ከዚያ መረቡን ፊት ለፊት ታለብሱትና ሁለተኛውን መንጠቆ ታያይዛላችሁ። በመጨረሻ ከታች ያለውን ረጅሙን ሰንሰለት በመቆለፊያው አሳልፋችሁ ትስባላችሁ፤ መረቡ ጎማውን ጥርቅም አድርጎ ይይዛል። የቀረውን ጫፍ እንዳይንጠለጠል ታጠላልፉታላችሁ።

በወረቀት ላይ አራት መስመር ነው። እኔ የመጀመሪያውን ለማሰር አርባ ደቂቃ ፈጀብኝ።

ጓንት አድርጌ መንጠቆው አይያዝም። ጓንቱን ሳወልቅ ብረቱ ይነክሳል። ሽቦው ከጀርባ በኩል ጎማውን አልፎ መሄድ ሲገባው ጎማው ጀርባ ላይ ሳይሆን ጥርሱ ላይ ተቀምጦ ቀረ፤ እኔ አላየሁትም። ስስበው አልመጣ አለ። በኃይል ሳብኩት። ጋሼ እጄን መታ አደረጉኝ።

«የማይመጣ ነገር አይጎተትም። ዙርና እየው።»

ክንዳቸውን እስከ ትከሻቸው ከጎማው ጀርባ ከተቱ። ዓይናቸውን ጨፍነው በዳበሳ ብቻ ሽቦውን ወደ ውስጥ ገፉት። ጭነት ላይ ሸራ ሲያስሩ የኖሩ ጣቶች ናቸው። ከዚያ አንዱ መስቀለኛ ሰንሰለት ተጣሞ እንደታሰረ በጣታቸው አገኙት፤ ፈተን እንደገና ጀመርን። በመጨረሻ ስስበው ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ እያለ ገባ። ያ ድምፅ እንዴት ደስ እንደሚል! ሁለተኛው ጎማ ዘጠኝ ደቂቃ ወሰደ።

ልክ በዚያ ሰዓት ከላይ አንዲት ትንሽ መኪና ወረደች። ማታ ያለፍናት ትሁን ሌላ አላውቅም። የፊት ጎማዎቿ ሰንሰለት ለብሰዋል። ጭርርር እያለች፣ ቀስ ብላ፣ ምንም ሳትደነግጥ ኩርባውን ዞረችው። ሹፌሯ እጇን አነሳችልን። ሰላምታ ነው ብዬ ተቀበልኩ።

ወደ ኋላ ማርሽ አስገብቼ ስወጣ መኪናው ያለምንም ችግር ወጣ። ሃምሳ፣ መቶ ሜትር ያህል ሄደን ቆምን። ይሄ የሚዘለል ነገር አይደለም። ሰንሰለት ጎማው ጥቂት ከዞረ በኋላ ቦታ ቦታውን ይይዝና ይላላል። ድጋሚ መሳብ አለበት። የላላ ሰንሰለት ፓራፋንጎውን ከውስጥ እንደ ጅራፍ ይገርፈዋል። ራሱን የሚያጠብቅ ዓይነትም ይሸጣል፤ የእኔ አይደለም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ስሜት ለመግለጽ ይቸግረኛል። ድምፁ ወፍጮ ቤት ውስጥ የመቀመጥ ያህል ነው። መሪው እጅ ላይ ይንዘፈዘፋል። ልጆቹ ድምፃቸውን እያንቀጠቀጡ «አአአአ» ይላሉ። ፍሬኑን ነካ ሳደርገው ግን መኪናው ያዘ። መሬት ነካ። ሌላ ቃል አላገኘሁለትም፤ ከዚያ በፊት የሆነ አየር ላይ የነበርን ይመስል፣ አሁን መሬት ነካን።

ሁሉ ነገር አለቀ ማለት ግን አይደለም። ፊቱ ሲይዝ ኋላው ያው ባዶ ጎማ ነው። ሦስተኛው ኩርባ ላይ ፍሬን ይዤ ስዞር ኋላችን ለስለስ ብሎ ወደ ውጭ ሄደ፤ ከዚያ ተመለሰ። ጋሼ «ጭራዋ ትጫወታለች፤ ሳትገባ በፊት ቀንስ፣ ውስጥ አትርገጥ» አሉ። ልክ ነበሩ። ፊት ላይ ብቻ ስታስሩ መሪና ፍሬን ታገኛላችሁ፤ ኋላው ግን ቁልቁለት ላይ ሊቀድማችሁ ይሞክራል። ኋላ ላይ ብቻ ሲታሰር ደግሞ መግፋት ይኖራል፤ ፊቱ ግን መሪውን አልሰማ ብሎ ቀጥ ሊል ይችላል። አራቱንም ማሰር የተሻለ ነው፤ መጽሐፉ ከፈቀደ። ብዙ ጊዜ አይፈቅድም። ስለዚህ ዝቅተኛ ማርሽ፣ ቀጥታው ላይ ፍሬን፣ ኩርባው ላይ እግር ማንሳት።

ፍጥነት ከ50 አይለፍ። ጀርመን ውስጥ ሕግ ነው፤ ሌላውም ቦታ የሰንሰለት ሠሪዎች የሚሉት ይሄንኑ ነው። በእውነቱ ማንም ጤነኛ ሰው በዚያ ጩኸት 50 የሚነዳ አይመስለኝም። ጥልቅ በረዶ ውስጥ ስትነሱ ደግሞ የመንሸራተት መቆጣጠሪያው ጎማው ትንሽ ሲዞር ኃይሉን ይቆርጥባችኋል፤ ብዙ መመሪያዎች ለጊዜው አጥፉት ይላሉ። አስፋልቱ ጥቁር ሆኖ ሲወጣ ወዲያው መፍታት ነው። ሰንሰለት ባዶ አስፋልት ላይ ራሱንም ጎማውንም ይበላል። ታች ኦትስ ልንደርስ ስንል መንገዱ እርጥብ አስፋልት ሆነ። ቆምኩና ፈታሁት። መፍታት ሁለት ደቂቃ ነው።

ስለ ጎማ አንድ ነገር ሳልል ባልፍ ጥፋት ነው። የክረምት ጎማ ነበረኝ፤ ባይኖረኝ ኖሮ ይሄን ጽሑፍ ሌላ ሰው ነበር የሚጽፈው። የበጋ ጎማ ከ7 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች እየጠነከረ ይሄዳል ይባላል፤ በረዶ ላይ ፕላስቲክ ነው። የክረምቱ ሲበርድም ለስላሳ ይቆያል። ጎኑ ላይ ሦስት ጫፍ ያለው ተራራና መሃሉ ላይ የበረዶ ቅንጣት ካለ በረዶ ላይ የተፈተነ ነው። ኤምና ኤስ ፊደል ብቻ ያለው ያንን ፈተና ሳያልፍም ሊጻፍበት ይችላል። ጀርመን ከጥቅምት 2024 ጀምሮ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ ምልክቱ የሌለውን የክረምት ጎማ ብላ አትቀበልም። አራት ጎማ ነጂ፣ የክረምት ጎማ፣ ሰንሰለት። እኔ የመጀመሪያው ያለው ሦስተኛውን አያስፈልገውም ብዬ ነበር። አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም።

ሕጉ ከአገር አገር ይለያያል፤ አልፕስ ላይ ደግሞ በአንድ ቀን ሦስት አገር ማለፍ ይቻላል። ኦስትሪያ ከኖቬምበር 1 እስከ ኤፕሪል 15 መንገዱ የክረምት ሁኔታ ላይ ከሆነ የክረምት ጎማ ትጠይቃለች። ጣሊያን በተመረጡ መንገዶች ላይ ከኖቬምበር 15 እስከ ኤፕሪል 15 ወይ የክረምት ጎማ ወይ መኪና ውስጥ ሰንሰለት ትላለች። ፈረንሳይ በ2021 ለተራራማ አካባቢዎች ተመሳሳይ ነገር መተግበር ጀመረች፤ ከኖቬምበር 1 እስከ ማርች 31። እዚያ ከጨርቅ የተሠራው የጎማ ካልሲም ይቆጠራል። ስዊዘርላንድ አጠቃላይ ግዴታ የላትም፤ ግን ባልሆነ ጎማ መንገድ ዘግታችሁ ወይም ሰው ገጭታችሁ ብትገኙ ተጠያቂ ናችሁ።

ከሁሉም የሚበልጠው ምልክት ግን ክቡ ሰማያዊ ነው፤ መሃሉ ላይ ሰንሰለት የለበሰ ጎማ አለ። እሱ ሲታይ ክርክር የለም፤ ቢያንስ ሁለት የሚነዱ ጎማዎች ላይ ይታሰራል። አራት ጎማ ነጂም ሰንሰለት ያስራል፤ ከሥሩ ነፃ ነው የሚል ተጨማሪ ሰሌዳ ካልተሰቀለ በቀር።

ይሄን ብረት መጀመሪያ ማን አሰበው ብዬም ፈልጌ ነበር። ሃሪ ዊድ የሚባል የኒውዮርክ ግዛት ሰው ነው፤ በ1904 ፓተንት አወጣበት። ሐሳቡ የመጣለት ሾፌሮች ጭቃና በረዶ እንዳያንሸራትታቸው ጎማቸው ላይ ገመድና ሐረግ ሲጠመጥሙ አይቶ ነው ይባላል። ለጋሼ ስነግራቸው ምንም አልገረማቸውም። ገመዱን እሳቸውም ያውቁታል።

በቀጣዩ ክረምት ስዊዘርላንድ ሄድን። ዩሊየር የሚባል የተራራ መተላለፊያ አለ፤ 2284 ሜትር። ብዙዎቹ ትልልቅ መተላለፊያዎች፣ እነ ጎታርድ፣ እነ ስቴልቪዮ፣ ክረምት ሲገባ ይዘጋሉ። ዩሊየር ክፍት ሆኖ ይከርማል። ከመሄዳችን በፊት ቤት ደጃፍ ላይ፣ በደረቁ፣ ሰንሰለቱን ሦስት ጊዜ አስሬ ፈትቼ ነበር። ጎረቤቶቼ ምን እንዳሉ አላውቅም። አሁን ሳጥኑ የለም፤ ሰንሰለቱ በሻንጣዎቹ ላይ እንጂ ሥር አይቀመጥም። ከጎኑ የላስቲክ ጓንት፣ የግንባር መብራት፣ ትንሽ አካፋ አለ። የጋሼ ምንጣፍም አለች።

ቢቪዮ የምትባለውን መንደር አለፍ እንዳልን ሰማያዊው ምልክት ተሰቅሏል። ከሥሩ ትንሽ ሰሌዳ አለ፤ 4×4ን አይመለከትም ይላል። ፍጥነቴን ቀነስኩ። ሰሌዳውን አነበብኩት። ሕጉ እለፍ እያለኝ ነው። መንገዱ ነጭ ነው፣ ዳገቱም የሚያሰጋ አይደለም። ወደ ጋሼ ዞርኩ። ቀበቷቸውን ፈትተዋል።

ጥግ ያዝን። እሳቸው ግራውን፣ እኔ ቀኙን ጀመርን። ቢጫ ከቢጫ። እየታሰረ ሳለ አንድ ትልቅ ጥቁር ጂፕ መጣ። አዲስ ነው፤ ጣራው ላይ ስኪ ጭኗል። ሹፌሩ ተንበርክከን አየን። ፈገግ ያለ መሰለኝ። ሽው ብሎ አለፈን፤ ከኋላው በረዶው እንደ ዱቄት ብን አለ።

ጋሼ የመጨረሻዋን መንጠቆ አጠላለፉ። በጉልበታቸው ተነስተው ምንጣፏን አራገፉ። ቀዩ መብራት ኩርባው ጀርባ እስኪሰወር ድረስ በዓይናቸው ተከተሉት።

«ይወጣል» አሉ።